እሺ፣ እምቢ ወይስ ቆይ፦ ፍራኪንግ ለመጣበት የገጠር ሕዝብ የንጽጽር መመሪያ

የጋዝ ኩባንያ ወደ አንድ የገጠር አካባቢ ሲመጣ ስብሰባው ሳይጀመር ሕዝቡ ለሁለት ተከፍሎ ይጠብቃል። አንዱ ወገን «ሥራ መጣልን» ይላል። ሌላው «ውሃችን አለቀለት» ይላል። ከዚያ እንካ ሰላንቲያው ይቀጥላል። ሰብሳቢው «እጅ አውጡ» ሲል ምርጫው ሁለት ብቻ ይመስላል፦ ይፈቀድ ወይም አይፈቀድ።

ምርጫው ግን ከዚያ ይሰፋል። ይህ ጥያቄ የቀረበላቸው አገሮችና ግዛቶች ቢያንስ አራት ዓይነት መልስ ሰጥተዋል። ጭራሽ የከለከሉ አሉ። ለጊዜው ያገዱ አሉ። በቅድመ ሁኔታ የፈቀዱ አሉ። በሩን ወለል አድርገው የከፈቱም አሉ። የአራቱም ውጤት ዛሬ ቁጭ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ከዜሮ መጀመር የለባችሁም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ክርክሩ ስለ ምንድን ነው?

ፍራኪንግ ጥልቅ ድንጋይን በውሃ ግፊት ሰንጥቆ ውስጡ የታሰረውን ጋዝ ወይም ዘይት ማውጣት ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ በ1947 ካንሳስ ውስጥ ተሞክሯል። ነገሩን የለወጠው አግድም ቁፋሮ ነው። መሰርሰሪያው ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ወደ ታች ይወርድና ይታጠፋል። ከዚያ ሼል በሚባለው ድንጋይ ውስጥ በጎን ይሄዳል። ጉድጓዱ ውስጥ የብረት ቧንቧ ይገባል። በቧንቧውና በድንጋዩ መካከል ያለው ክፍተት በሲሚንቶ ይሞላል። ቀጥሎ ውሃ፣ አሸዋና ጥቂት ኬሚካል በከባድ ግፊት ይገፋል። ድንጋዩ ይሰነጠቃል። አሸዋው ስንጥቁ መልሶ እንዳይገጥም ይይዘዋል፤ ጋዙም ይወጣል።

ለአንድ ጉድጓድ የሚፈጀው ውሃ እንደ ድንጋዩ ይለያያል። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ከ5.7 ሚሊዮን እስከ 60 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ያደርሰዋል። ቧንቧ ካልተዘረጋ ይህ ሁሉ በቦቴ ነው የሚመጣው። አንድ ጉድጓድ ተቆፍሮ እስኪያልቅ የከባድ መኪና ምልልሱ ከሺህ ሊያልፍ ይችላል። የገጠር መንገድና ድልድይ ደግሞ ለዚያ አልተሠሩም። ከገባው ውሃ ከፊሉ ተመልሶ ይወጣል። ሲመለስ ግን ያው ውሃ አይደለም። ከባሕር ውሃ የባሰ ጨዋማ ሊሆን ይችላል። ከድንጋዩ ያነሳው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገርም ሊኖርበት ይችላል።

ክርክሩ ብዙ ጊዜ መስመር የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ተቃዋሚው «ስንጥቁ ከጥልቅ ወጥቶ የምጠጣውን ውሃ ይበክላል» ይላል። ኩባንያው «በመካከል ስንት ሺህ ሜትር ድንጋይ አለ» ብሎ ይመልሳል። በዚህች ነጥብ ኩባንያው አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። ተቃዋሚው እዚያው ላይ ችክ ካለ ክርክሩን በገዛ እጁ ይሸነፋል።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2016 ትልቅ ሪፖርት አውጥቷል። የመጠጥ ውሃ የሚጎዳባቸውን መንገዶች አንድ በአንድ አስቀምጧል። ውሃ ባነሰበት ቦታና ወቅት ውሃ መቅዳት፣ ኬሚካል ወይም ፍሳሽ መሬት ላይ መድፋት፣ ቧንቧውና ሲሚንቶው የማያስተማምን ጉድጓድ፣ በደንብ ያልታከመ ፍሳሽ ወንዝ ውስጥ መልቀቅ፣ ሥሩ ባልተነጠፈ ኩሬ ፍሳሽ ማጠራቀም። አብዛኞቹ መሬት ላይ ወይም ለመሬት ቅርብ የሚሆኑ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ ስለ ስንጥቁ ከመከራከር ስለ ሲሚንቶው፣ ስለ ቦቴውና ስለ ፍሳሹ ጠይቁ። ኩባንያውን የሚያፋጥጡት ጥያቄዎች እነሱ ናቸው።

የፍሳሹን ነገር የአሜሪካዋን ግዛት ኦክላሆማን ጠይቁ። እዚያ ከነዳጅ ጉድጓዶች የሚወጣውን ጨዋማ ውሃ መልሰው ወደ ጥልቅ መሬት ይሞሉት ነበር። ከ2009 በፊት በሬክተር 3 እና ከዚያ በላይ የሚመዘን ርዕደ መሬት በዓመት አንዴ ሁለቴ ቢሰማ ነው። በ2015 ብቻ 900 ገደማ ተመዘገበ። በ2016 ፖኒ የምትባል ከተማ አጠገብ 5.8 የደረሰው መጣ። ልብ በሉ፦ ለአብዛኛው መንቀጥቀጥ ምክንያቱ ስንጠቃው ራሱ አልነበረም፤ የፍሳሽ አወጋገዱ ነው። ውሃውም የፍራኪንግ ብቻ አልነበረም። «ፍሳሹ የት ይሄዳል?» ለሚለው ጥያቄ የጽሑፍ መልስ ሳይዙ ፊርማ ማስቀመጥ ግን ከዚህ በኋላ ሰበብ የለውም።

መጀመሪያ፦ ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ይህን ሳያጣሩ መከራከር ጉልበት ማባከን ነው። አንድ ማኅበረሰብ ተሰብስቦ፣ ድምፅ ሰጥቶ፣ አሸንፎ፣ ሁሉንም በጥቂት ወራት ሊያጣው ይችላል።

ቴክሳስ ውስጥ ያለችው ዴንተን ከተማ በኅዳር 2014 ሕዝበ ውሳኔ አካሄደች። 59 በመቶው ፍራኪንግ ይከልከል አለ። የነዳጅ አገር ውስጥ እንዲህ ያለ ውጤት ያልተጠበቀ ነበር። በግንቦት 2015 የግዛቱ ሕግ አውጪ ከተሞች ይህን የመከልከል ሥልጣን እንዳይኖራቸው የሚያደርግ ሕግ አጸደቀ። በሰኔ የከተማዋ ምክር ቤት ክልከላውን ራሱ ሻረ። ኮሎራዶም ተመሳሳይ ታሪክ አላት። ሎንግሞንት በ2012 በሕዝብ ድምፅ ከለከለች። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 አፈረሰባት።

በተቃራኒው ድራይደን የምትባል የኒው ዮርክ ትንሽ ከተማ አሸንፋለች። እሷ «ቁፋሮን እቆጣጠራለሁ» አላለችም። «መሬቴ ለምን ሥራ እንደሚውል እኔ እወስናለሁ» አለች። በ2014 የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተቀበላት። በሕግ ቋንቋ የመሬት አጠቃቀምና የነዳጅ ቁጥጥር ለየቅል ናቸው። ድራይደንን ያዳናት ይህ ልዩነት ነው። ጠበቃችሁ መጀመሪያ ማየት ያለበትም እሱን ነው።

እንግሊዝ ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደች። የላንክሻየር ምክር ቤት በ2015 ኳድሪላ የተባለውን ኩባንያ ጥያቄ ውድቅ አደረገ። በ2016 ሚኒስትሩ ውሳኔውን ሽሮ ፈቀደ። ቁፋሮው ተጀመረ። በነሐሴ 2019 ብላክፑል አጠገብ 2.9 የደረሰ ንዝረት ተሰማ። በኅዳር መንግሥት ራሱ አገደው። የአካባቢው ሰው እምቢ ያለው ከአራት ዓመት በፊት ነበር።

የመጨረሻው ውሳኔ የበላይ አካል ከሆነ የእናንተ ስብሰባ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ዓላማው ግን ይቀየራል። «እምቢ» ብሎ መሸነፍ ይመጣል፣ ወይም ቅድመ ሁኔታ አስገብቶ መውጣት።

አራቱ መልሶች

ክልከላ ከሁሉ ግልጹ ነው። ፈረንሳይ በ2011 በሕግ ከለከለች። በ2013 የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱም አጸናው። ቬርሞንት በ2012 ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ሆነች፤ ሜሪላንድ በ2017 ተከተለች። ጥቅሙ ግልጽነቱ ነው፤ ገበሬውም ኩባንያውም ነገ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ። ጉዳቱስ? ጋዝ በሌለበት ቦታ መከልከል ወጪ የለውም፣ ቬርሞንት ያጣችው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ጋዝ ባለበት ግን መሬታቸውን ለማከራየት የጠበቁ ሰዎች አሉ። እነሱ ያጡትን ገንዘብ ያውቁታል፤ ከጎረቤታቸው ጋርም ሆድና ጀርባ ይሆናሉ።

ክልከላው የሚወጣበት ጊዜም ወጪ አለው። የካናዳዋ ግዛት ኩቤክ በ2022 የነዳጅና ጋዝ ፍለጋን ስታቆም ፈቃድ የያዙ ኩባንያዎች ነበሩ። ለካሳ እስከ 100 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር መመደብ ግድ ሆነባት። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉታል ይህንን። ልትከለክሉ ካሰባችሁ ፈቃድ ሳይሰጥ ከልክሉ።

ጊዜያዊ እገዳ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው አሳንሶ ያየዋል። «ፈሪ ነው ቆይ የሚለው» ይባላል። ሦስት እገዳዎችን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ኒው ዮርክ ከ2008 ጀምሮ ብዙ ውሃ የሚፈጀውን ትልቁን ፍራኪንግ አቆይታ ጥናት ላይ ተቀመጠች። በታኅሣሥ 2014 የጤና መሥሪያ ቤቷ «ደኅንነቱን የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ የለም» ሲል አገረ ገዢው አንድሩ ኮሞ ክልከላውን አሳወቁ። የአውስትራሊያው ኖርዘርን ቴሪቶሪ በ2016 አገደ። በዳኛ ሬቸል ፔፐር የሚመራ ገለልተኛ አጣሪ አቋቋመ። አጣሪው በ2018 የወጣ ሪፖርቱ ላይ 135 ምክረ ሐሳቦች አቀረበ። መንግሥት ምክሩን ተቀብሎ እገዳውን አነሳ። ደቡብ አፍሪካ በ2011 ካሩ በሚባለው ደረቅ አካባቢ አግዳ በ2012 አነሳች። ደንቡ በ2015 ወጣ። በ2019 ፍርድ ቤት ደንቡን ያወጣው ሚኒስትር ሥልጣኑ የለውም ብሎ ሻረው።

አንዱ በክልከላ፣ አንዱ በፈቃድ፣ አንዱ በፍርድ ቤት ሙግት አለቀ። ልዩነቱ የት ነው? ኒው ዮርክና ኖርዘርን ቴሪቶሪ ሲያግዱ የሚመለስ ጥያቄና የሚመልስ አካል ነበራቸው። ጥያቄ የሌለው እገዳ ግን የባለሥልጣን መቀያየሪያ ብቻ ነው። ለዚህ ከእንግሊዝ የተሻለ ምስክር የለም። በ2019 የታገደውን ሊዝ ትረስ በመስከረም 2022 አነሱት። በጥቅምት ሪሺ ሱናክ መለሱት። በእነዚያ ሳምንታት ስለ መሬቱም ስለ ድንጋዩም የተገኘ አዲስ እውቀት አልነበረም። የተቀየረው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው።

በቅድመ ሁኔታ መፍቀድ ወረቀት ላይ ከሁሉም ያምራል። ጋዙም ይወጣል፣ ውሃውም ይጠበቃል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ኮሎራዶ በ2019 የቁፋሮ ተቆጣጣሪውን ተልዕኮ ቀየረች፤ ከምርት በፊት ጤናና አካባቢ ይቅደም ተባለ። በ2020 አዲስ ጉድጓድ ከመኖሪያ ቤትና ከትምህርት ቤት 600 ሜትር ገደማ እንዲርቅ ተደነገገ። ለየት ላለ ሁኔታ ግን ማለፊያ አለው። ቅድመ ሁኔታ ሲነበብ ቁጥሩን ብቻ አትዩ። «ካልሆነ በስተቀር» ከሚለው በኋላ ያለውን አንቀጽ እዩ።

እኔን ከሁሉም የማረከኝ የአሜሪካዋ ግዛት የፔንሲልቬንያ አንድ አንቀጽ ነው። በ2012 የወጣው ሕግ ከጉድጓዱ 760 ሜትር ገደማ ውስጥ ያለ የውሃ ምንጭ፣ ሥራው ካለቀ በ12 ወር ውስጥ ከተበከለ፣ ጥፋተኛው ኩባንያው ነው ብሎ ይነሳል። አይደለሁም ካለ ማስረዳት ያለበት ራሱ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በተራው ሕግ ቢሆን ከሳሹ ገበሬ ነው መሐንዲስና ኬሚስት ቀጥሮ የሚያስረዳው። ስንቱ አቅም አለው?

ግን እዚያው ፔንሲልቬንያ ዲሞክ የሚባል የገጠር ሰፈር አለ። በ2009 መባቻ የአንድ ነዋሪ የውሃ ጉድጓድ በሚቴን (የተፈጥሮ ጋዝ ዋና ክፍል ነው) ምክንያት ፈነዳ። በአቅራቢያው ጋዝ የሚቆፍረው ኩባንያ «ሚቴኑ ድሮም በአካባቢው ነበር» ብሎ ተከራከረ። ከመቆፈሩ በፊት የውሃው ጠባይ በደንብ ባልተመዘገበበት ቦታ ይህ ክርክር ዓመታት ይወስዳል። በኩባንያው ላይ የተመሠረተው የወንጀል ክስ የተቋጨው በኅዳር 2022 ነው። ኩባንያው ክሱን ሳይከራከር ተቀብሎ ለነዋሪዎች የቧንቧ ውሃ ማስገቢያ 16 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሊከፍል ተስማማ። በመካከል አሥራ ሦስት ዓመት ከምናምን አለፈ። ውሃው ከተበላሸ በኋላ ናሙና መውሰድ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

አራተኛው፣ በሩን ወለል አድርጎ መክፈት፣ ብዙ አያነጋግርም። ፈጣን ነው። ኢንቨስተር ይወደዋል። ገንዘቡም ቶሎ ይመጣል። ተቆጣጣሪው አቅም ሳይገነባ ቁፋሮው ከቀደመ ግን ወጪው ዞሮ ለሕዝብ ይመጣል። የአሜሪካ ምክር ቤት በ2021 ባለቤት አልባ ሆነው የቀሩ አሮጌ ጉድጓዶችን ለመድፈንና ለማጽዳት 4.7 ቢሊዮን ዶላር የመደበው ከግብር ከፋዩ ኪስ ነው።

ብሩስ?

«ሀብታም እንሆናለን» የሚለው ወሬ አብዛኛውን ጊዜ ከአሜሪካ የመጣ ነው። አሜሪካ ውስጥ የመሬቱ ባለቤት ከመሬቱ በታች ያለውን ማዕድንም ሊይዝ ይችላል። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ለባለይዞታው በሕግ የተቀመጠው ዝቅተኛ የሮያሊቲ ድርሻ (ከሚወጣው ጋዝ የሚከፈለው) 12.5 በመቶ ነው። በአብዛኛው ዓለም ግን የከርሰ ምድሩ ሀብት የመንግሥት ነው። አቧራው፣ ድምፁና ቦቴው የእናንተ፣ ገቢው የዋና ከተማው ይሆናል ማለት ነው። የሕዝብ ድጋፍና ተቃውሞ ለምን ከአገር አገር እንደሚለያይ ግማሹ መልስ እዚህ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ እንኳ መሬቱ የአንዱ፣ ማዕድኑ የሌላው ሆኖ የሚገኝበት ቦታ አለ። እዚያ ባለመሬቱ ሳይፈልግ ይቆፈርበታል።

እንግሊዝ ውስጥ የኢንዱስትሪው ማኅበር ለማማለል ሞክሯል። ለአንድ የቁፋሮ ቦታ 100,000 ፓውንድ፣ ምርት ሲጀመር ደግሞ ከገቢው 1 በመቶ ለአካባቢው ሕዝብ ሊሰጥ ቃል ገባ። ፔንሲልቬንያ የተሻለ አደረገች። በየጉድጓዱ ዓመታዊ ክፍያ ጣለች። ትልቁ ክፍል ለአካባቢ አስተዳደሮች ይሄዳል። ከ2012 ወዲህ የተሰበሰበው በድምሩ ከ2 ቢሊዮን ዶላር ያልፋል። ልዩነቱን አያችሁ? አንዱ በጎ ፈቃድ፣ አንዱ ሕግ ነው። በጎ ፈቃድ ሰጪው ሐሳቡን ሲቀይር ይቀራል።

ሌላው መታወቅ ያለበት የጊዜው ነገር ነው። የሼል ጉድጓድ ምርት እንደ ተራ ጉድጓድ ቀስ እያለ አይቀንስም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቁልቁል ይወርዳል። ምርቱን ለማቆየት አዲስ ጉድጓድ መቆፈር አለበት። ስለዚህ የተፈቀደው «አንድ ጉድጓድ» ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ሥራውም ቢሆን የሚበዛው በቁፋሮ ወቅት ነው፤ ቁፋሮው ሲያልቅ ሠራተኛው ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ትንበያም ይስታል። ፖላንድ በ2011 ከአውሮፓ ትልቁ የሼል ጋዝ ክምችት አላት ተብሎ ነበር። ከአሜሪካ የነዳጅ ኩባንያዎች ኤክሰን በ2012፣ ሼቭሮንና ኮኖኮፊሊፕስ በ2015 ጥለው ወጡ።

ታዲያ ለማን የትኛው?

ከአራቱ አንዱ ለሁሉም ይሠራል የሚል ሰው አትመኑ። እኔ እንዲህ እከፍለዋለሁ።

የምትጠጡት ውሃ ከአንድ የከርሰ ምድር ምንጭ ብቻ ከሆነና ሌላ አማራጭ ከሌላችሁ፣ ክልከላ ወይም ጥያቄው ተለይቶ የተጻፈ እገዳ። በ2015 መጀመሪያ የአልጄሪያዋ የሰሃራ ከተማ ኢን ሳላህ ነዋሪዎች አደባባይ የወጡት በዚሁ ምክንያት ነው። በረሃ መካከል ያለ ሰው ከሥሩ ካለው ውሃ ሌላ ምን አለው? አንዳንዶች «ዕድሉ ያመልጣችኋል» ይሏችኋል። ጋዙ እኮ ሚሊዮን ዓመታት እዚያው ነበር። ዛሬ እምቢ ያለ ነገ እሺ ማለት ይችላል። ዛሬ እሺ ያለ ግን ነገ ጉድጓዱን ያልተቆፈረ ማድረግ አይችልም። ለእኔ ሚዛኑን የሚደፋው ይህ ነው።

ውሃው ሩቅ ከሆነ፣ ሕዝቡ የተራራቀ ከሆነ፣ ተቆጣጣሪው በእውነት ሥራ ማስቆም የሚችል ከሆነ፣ በቅድመ ሁኔታ መፍቀድ ምክንያታዊ ነው። «በእውነት» ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። ስንት መርማሪ አለ? ለስንት ጉድጓድ? ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ ሥራ አስቆሙ? ለዚህ መልስ ካጣችሁ ቅድመ ሁኔታው ለይስሙላ ነው። ያኔ እገዳው ይሻላል።

የመጨረሻው ውሳኔ የበላይ አካል ከሆነና እንደሚፈቅድ ካወቃችሁ ደግሞ ኃይላችሁን በሦስት ነገር ላይ አድርጉ። የጉድጓዱ መድፈኛ ገንዘብ ቁፋሮ ሳይጀመር በመያዣ ይቀመጥ። የማስረዳት ሸክሙ በኩባንያው ላይ ይሁን። ክፍያው በሕግ ይጻፍ እንጂ በቃል አይሁን። ርቀቱንም በተመለከተ ጠንከር በሉ። በ2023 የወጡ የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ጥናቶች ለጉድጓድ ቅርብ በሆኑ ሰዎች ዘንድ አስም የመባባስ ዕድሉ ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። ግንኙነት ማሳየት ምክንያቱን ማረጋገጥ አይደለም። ርቀት ለመጠየቅ ግን በቂ ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ አንድ ነገር ዛሬ መጀመር ይቻላል፦ የውሃ ምርመራ። በዝናብም በበጋም ናሙና ውሰዱ። ሚቴን፣ ጨው፣ ባሪየም ይለካ። ላብራቶሪውን እናንተ ምረጡ፤ ውጤቱ ቀን ያለበትና የተፈረመበት ይሁን። ኩባንያው የራሱን ናሙና ሊወስድ ሲመጣም በሩን አትዝጉበት። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ናሙና የከለከለ ባለይዞታ ከላይ ያነሳሁት ከለላ ሊቀርበት ይችላል። አስገቡት፣ ፎቶ አንሱ፣ በዚያው ሰዓት ከዚያው ቧንቧ የራሳችሁን ጠርሙስ ሞልታችሁ ወደ ሌላ ላብራቶሪ ላኩ።